አንድ ዕቃ፣ ሁለት የአገልግሎት ዘመን፦ ሆርሞን የሚለቅ ሉፕና ኤስትሮጅን በማረጥ ወቅት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ ከሙያችን ጋር የሚዛመድ የጤና ርእስ መርጬ እንድናገር ሲጋብዘኝ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ ፋብሪካ ጩኸት ወይም ስለ ሲሚንቶ አቧራ እናገራለሁ ብላችሁ እንደምትገምቱ ዐውቄ ነበር። የመረጥሁት ግን በአዳራሽ ቀርቶ በቤት ውስጥ እንኳ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚነገር ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በማረጥ ወቅት ሆርሞን በሚለቅ ሉፕ ስለ መጠቀምና በዚያ ላይ ኤስትሮጅን ስለ መጨመር ነው።

«ይህ የሴቶችና የሐኪሞች ነገር ነው፤ መሐንዲስ፣ ያውም ወንድ፣ ምን አገባው?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ይህ ሉፕ የመድኃኒት ብቻ ሳይሆን የፖሊመር ምህንድስናም ውጤት ነው፤ የሚሠራበትም ሕግ ሁላችንም በዩኒቨርሲቲ የተማርነው ሕግ ነው። ሁለተኛ፣ በመካከላችን ያሉት ሴቶች መሐንዲሶች፣ እንዲሁም እናቶቻችን፣ እኅቶቻችንና ባለቤቶቻችን በዚህ ዘመን ውስጥ ያልፋሉ። ስለዚህ ጉዳዩ የሁላችንም ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒት ማዘዝም ሥራዬ አይደለም። ዓላማዬ አንድ ዕቃ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይሠራና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚሠራ ማስረዳት ብቻ ነው። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ላስታውቅ።

ማረጥና የሰውነት ሙቀት መቆጣጠሪያ

ማረጥ ማለት የእንቁላል ዕጢዎች ሥራቸውን አቁመው የወር አበባ ለዘለቄታው ሲቋረጥ ነው። በሕክምና ደንብ 12 ወር በተከታታይ ሳይታይ ከቀረ ሴቲቱ አርጣለች ይባላል። በምዕራባውያን አገሮች ይህ የሚሆንበት አማካይ ዕድሜ 51 ዓመት ገደማ ነው። ነገር ግን ለውጡ በአንድ ቀን የሚመጣ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ እያለ ይቆያል፤ የወር አበባውም ይዛባል፤ በአንዳንዶቹም ላይ ከመጠን በላይ ይበዛል።

በዚህ ወቅት ከሚታዩት ምልክቶች ዋናው ድንገት ከደረት ተነሥቶ ወደ ፊት የሚወጣው ወላፈን ነው። የሙቀት መቆጣጠሪያ የሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ ቴርሞስታት ሁለት ወሰኖች አሉት። ሙቀቱ ከላይኛው ወሰን ሲያልፍ ማቀዝቀዣው ይነሣል፤ ከታችኛው ሲወርድ ማሞቂያው ይነሣል፤ በሁለቱ መካከል ግን ሁለቱም ያርፋሉ። በአንጎል ሥር የሚገኘው ሃይፖታላመስ የሰውነታችን ቴርሞስታት ነው። ኤስትሮጅን ሲጎድል ያ የማረፊያ ክልል እጅግ ይጠብባል። ስለዚህ በጤናው ጊዜ ከቁም ነገር የማይገባ ጥቂት የሙቀት ጭማሪ ማቀዝቀዣውን በሙሉ ኃይሉ ያስነሣዋል፤ የቆዳ የደም ሥሮች ይከፈታሉ፣ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይመታል፣ ጥቂት ቆይቶም ብርድ ብርድ ይላል። ሌሊት ሲሆን እንቅልፍ ይነሣል። ይህ የጥቂት ሳምንታት ችግር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ተካሂዶ በ2015 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳመለከተው፣ ወላፈኑ ከሚደጋገምባቸው ሴቶች ግማሾቹ ከ7 ዓመት በላይ ይቆይባቸዋል።

የጎደለው ኤስትሮጅን ስለሆነ፣ ለዚህ ምልክት ከመድኃኒቶች ሁሉ የበለጠ የሚሠራው ኤስትሮጅንን መተካት ነው። አጥንትንም ከመሳሳት ይጠብቃል። ታዲያ ነገሩ እንዲህ ቀላል ከሆነ ሉፑ ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ የዛሬው ንግግሬ ማዕከል ነው።

የ1975 ማስጠንቀቂያ

ኤስትሮጅን በደም ውስጥ ገብቶ የሚሠራው በሙቀት መቆጣጠሪያው ላይ ብቻ አይደለም። የማኅፀንን ውስጠኛ ሽፋን ያወፍራል። በወጣትነት ዘመን ይህን የሚገታው ፕሮጄስትሮን የተባለው ሁለተኛው ሆርሞን ነው፤ አንዱ ይገነባል፣ ሌላው ግንባታውን አቁሞ ያረጋጋል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ብዙ ሴቶች ያለ ሁለተኛው፣ ኤስትሮጅንን ብቻውን ይወስዱ ነበር። በታኅሣሥ 1975 በአንድ የታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ሁለት ጥናቶች ጎን ለጎን ታተሙ፤ ኤስትሮጅንን ብቻውን በሚወስዱት ሴቶች ላይ የማኅፀን ሽፋን ካንሰር፣ በአንደኛው ጥናት 4 ተኩል እጥፍ፣ በሁለተኛው 7 ተኩል እጥፍ ገደማ በልጦ ተገኘ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ደንቡ የማያሻማ ነው፦ ማኅፀኗ ያልወጣ ሴት ኤስትሮጅን ስትወስድ ሽፋኑን የሚጠብቅ ፕሮጄስትሮን ወይም እንደ እርሱ ያለ መድኃኒት አብሮ ያስፈልጋታል። ማኅፀኗ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴት ግን አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልጋትም። ይህን ሁለተኛ መድኃኒት በክኒን መውሰድ ይቻላል፤ ነገር ግን ክኒን በመላው ሰውነት ይዞራል፤ በአንዳንዶቹም ላይ የመንፈስ መጫጫን፣ የጡት ሕመምና የሆድ መነፋት ያስከትላል። መሐንዲስ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመው የሚጠይቀው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ መድኃኒቱ የሚፈለገው በአንድ ቦታ ከሆነ ስለ ምን በዚያው ቦታ አናኖረውም?

ሉፑ እንዴት እንደ ተሠራ

በአገራችን በማኅፀን ውስጥ የሚቀመጠው መከላከያ ሁሉ «ሉፕ» ይባላል። ይህ ስም የመጣው በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው ሐኪም ጃክ ሊፕስ ከፕላስቲክ ከሠሩት ጥምዝምዝ ዕቃ ነው። ያ ዕቃ ከሥራ ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ስሙ ግን በእኛ ዘንድ ቀርቷል። በኋላ ሐዋርድ ቴተም የማኅፀንን ቅርጽ ተከትለው በቲ ፊደል አምሳል ያለውን ዕቃ አቀረቡ፤ ዛሬ በብዛት የምናየውም ይኸው ቅርጽ ነው።

ከሌላ አቅጣጫ በ1964 ጁዳ ፎክማንና ዴቪድ ሎንግ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች፣ በሲሊኮን ጎማ ውስጥ የተቀመጠ መድኃኒት በጎማው ግድግዳ በኩል ቀስ እያለ እንደሚወጣ አሳተሙ። በ1976 አልዛ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፕሮጄስትሮን የሚለቅ ሉፕ ለገበያ አቀረበ፤ 38 ሚሊግራም ይዞ በቀን 65 ማይክሮግራም ይለቅ ስለነበር በየዓመቱ መለወጥ ነበረበት። የዕድሜውን ችግር የፈታው የፊንላንዱ ሐኪም ታፓኒ ሉካይነን ከፖፑሌሽን ካውንስል ጋር ሆነው ያካሄዱት ሥራ ነው። ከፕሮጄስትሮን ይልቅ በጥቂት መጠን የሚሠራውን ሌቮኖርጀስትሬል መረጡ። ቱርኩ በምትባለው የፊንላንድ ከተማ የነበረው ሌይራስ የተባለ ኩባንያ አመረተው፤ በ1990ም በፊንላንድ ተፈቀደ። ዓለም ሚሬና በሚለው ስም የሚያውቀው ይህ ነው።

አሠራሩን እንመልከት። ቁመቱና ስፋቱ እያንዳንዳቸው 32 ሚሊሜትር የሆነ የፖሊኢቲሊን ቲ አለ፤ በራጅ እንዲታይ ባሪየም ሰልፌት ተቀላቅሎበታል። በቀጥተኛው ዘንግ ላይ 52 ሚሊግራም ሌቮኖርጀስትሬል የያዘ የሲሊኮን ጥቅል ተጠልቋል፤ ጥቅሉን ደግሞ ስስ የሲሊኮን ገለፈት ሸፍኖታል። ባትሪ የለው፣ ቧንቧ የለው፣ የሚንቀሳቀስ አካል የለው። ፍጥነቱን የሚወስነው ገለፈቱ ነው፤ መድኃኒቱ ከበዛበት ወደ አነሰበት ይሠርጋል፤ ይህም አዶልፍ ፊክ በ1855 ያወጣው ሕግ ነው። እኛ ለእርጥበትና ለጋዝ የምንጠቀምበትን ይህን ሕግ ያገኘው የሰውነት አሠራር ተመራማሪ እንደ ነበረ ማስታወስ ደስ ያሰኛል።

አሁን አጭር ስሌት እናድርግ። ዕቃው በመጀመሪያ በቀን 20 ማይክሮግራም ገደማ ይለቅቃል፤ 5 ዓመት ሲሞላው 11 ገደማ፣ 8 ዓመት ሲሞላው 7 ገደማ ይደርሳል። ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት አማካዩን በቀን 15 ማይክሮግራም ብንይዝ፣ 15 በ1,825 ቀን ሲባዛ 27 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል። እንግዲህ 5 ዓመት ሲሞላው ከ52ቱ 25 ሚሊግራም ያህል ገና በውስጡ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ሉፕ ዘመኑ የሚያበቃው ጎተራው ባዶ ስለሆነ አይደለም፤ የሚለቅቀው መጠን ለተሰጠው ሥራ ስለሚያንስ ነው። ይህን ነጥብ እንድታስታውሱልኝ እለምናለሁ፤ ቀጥሎ የምናገረው ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነውና።

አንድ ዕቃ፣ ሦስት ሥራ

ባለ 52 ሚሊግራሙ ሉፕ በዚህ የዕድሜ ክልል ሦስት ሥራዎችን ሊሠራ ይችላል። የበዛ የወር አበባን ይቀንሳል፤ እርግዝናን ይከላከላል፤ ኤስትሮጅን ለሚወስዱት ደግሞ የማኅፀንን ሽፋን ይጠብቃል። ሁለተኛው ሥራ ቀላል አይደለም፤ ለማረጥ የሚሰጠው የሆርሞን ሕክምና በራሱ የወሊድ መከላከያ አይደለምና። መድኃኒቱ በሽፋኑ ውስጥ ያለው ክምችት በደም ውስጥ ካለው በብዙ መቶ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ሥራው በቦታው ይፈጸማል፤ ለሌላው አካል የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ሉፑ የማይሠራውን ግን ለይቶ ማወቅ ይገባል። የሚለቅቀው ሆርሞን ኤስትሮጅን አይደለም፤ ስለዚህ ወላፈኑን የማጥፋት ኃላፊነት የለበትም። «ሆርሞን ያለው ሉፕ አለኝ፤ ታዲያ ስለ ምን ሌሊቱን በላብ እጠመቃለሁ?» የምትል ሴት ጥያቄዋ ትክክለኛ ነው፤ መልሱም ዕቃው ተበላሽቷል ሳይሆን ዕቃው ለዚህ አልተሠራም የሚል ነው። የጎደለው ኤስትሮጅን መጨመር እንዳለበት ከሐኪሟ ጋር የምትመክረው በዚህ ጊዜ ነው። ሉፑ ቀድሞ በቦታው ካለና ዘመኑ ካላለፈ፣ የሥራው ግማሽ አስቀድሞ ተሠርቷል ማለት ነው።

ሁለተኛ ጉዳይ አለ። ሉፑ የወር አበባን ስለሚያሳንስ፣ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ከ5 ተጠቃሚዎች በአንዷ ገደማ ጨርሶ ይቆማል። እንግዲህ 12 ወር የሚለው መለኪያ ለእርሷ አያገለግልም፤ የመለኪያው መርፌ በዕቃው ምክንያት ቆሟል። ዕድሜዋንና የሚሰማትን ምልክት መመልከት፣ ከ50 ዓመት በኋላም ሐኪም ካስፈለገው ኤፍ ኤስ ኤች የተባለውን የደም ምርመራ ማዘዝ ይቻላል። ደሙ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ከቆየ በኋላ እንደገና ቢታይ ግን «ሉፕ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ መመርመር አለበት።

የአገልግሎት ዘመን በሥራው ይቆጠራል

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ደርሻለሁ። ማናችንም ብንሆን «ይህ ምሰሶ ስንት ዘመን ይኖራል?» ብንባል «ምን ተሸክሞ?» ብለን እንጠይቃለን። ሉፕም እንዲሁ ነው። የብሪታንያን አሠራር ለምሳሌ ልውሰድ። ባለ 52 ሚሊግራሙ ሚሬና ለወሊድ መከላከያነት 8 ዓመት ያገለግላል። 45 ዓመት ከሞላት በኋላ የገባላት ሴት ደግሞ ለወሊድ መከላከያነት እስከ 55 ዓመቷ ልታቆየው እንደምትችል በዚያ አገር ያሉት የሥነ ተዋልዶ ጤና ሐኪሞች የሙያ ማኅበር መመሪያ ይናገራል። ነገር ግን በኤስትሮጅን ሕክምና ጊዜ ሽፋኑን እንዲጠብቅ ሲፈለግ፣ ይኸው መመሪያ የሚፈቅደው 5 ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ መለወጥ አለበት።

ልዩነቱ የሚያስገርም አይደለም። ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ የማርገዝ ዕድል በራሱ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ በመከላከያው ላይ ያለው ጭነት ከዕቃው ድካም ጋር አብሮ ይቀንሳል። በየቀኑ በፕላስተር ወይም በጄል የሚገባ ኤስትሮጅን ግን ጭነቱ አይቀንስም፤ ዕቃው ሲደክም ጭነቱ ባለበት ይቆያል።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። አንዲት ሴት በ46 ዓመቷ ሉፕ አስገባች እንበል። በ54 ዓመቷ ለወሊድ መከላከያ ገና ያገለግላል ተብላ በልበ ሙሉነት ትኖራለች፤ የተባለችውም እውነት ነው። በዚያው ዓመት ወላፈኑ ስለበረታባት ኤስትሮጅን ትጀምራለች። «ሉፕ አለሽ?» ስትባል «አዎን» ትላለች። ሁሉም እውነት ተናግሯል፤ ሽፋኑ ግን በበቂ አልተጠበቀም። ሉፑ መኖሩ ተጠየቀ እንጂ መቼ እንደ ገባ አልተጠየቀም።

በእኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ይኸውም የስም ጉዳይ ነው። ሉፕ ብለን የምንጠራው፣ በጤና ጣቢያዎቻችን ለብዙ ዘመን ሲሰጥ የኖረው፣ የመዳብ ሉፕ ነው። የመዳብ ሉፕ መልካም የወሊድ መከላከያ ነው፤ ሆርሞን ግን የለውም፤ ስለዚህ ሽፋኑን ከኤስትሮጅን አይጠብቅም። በውጭ አገር የምትኖር እኅት በፍቅር የላከችውን የኤስትሮጅን ፕላስተር «እኔም ሉፕ አለኝ» ብላ የምትጀምር እናት ብትኖር፣ ያደረገችው በ1975 የተወገዘውን ኤስትሮጅንን ብቻውን የመውሰድ ልማድ ሳታውቀው መድገም ነው። 13.5 እና 19.5 ሚሊግራም የያዙት ትንንሾቹ ሆርሞን ያላቸው ሉፖችም ለዚህ ሥራ እንዲውሉ አይመከሩም። በአሜሪካም ባለ 52ቱ ሚሬና በመንግሥት የተፈቀደው ለወሊድ መከላከያና ለበዛ የወር አበባ ነው፤ ለሽፋን ጥበቃ ሐኪሞች የሚያውሉት በሙያ ውሳኔያቸው ነው።

ኤስትሮጅኑ በየትኛው በር ይግባ?

ኤስትሮጅን በክኒን ሲዋጥ ከአንጀት በቀጥታ ወደ ጉበት ይሄዳል። ጉበት ብዙውን ያፈርሰዋል፤ በዚያውም ደም የሚያረጉ ንጥረ ነገሮችን አብዝቶ እንዲሠራ ይነሣሣል። በቆዳ በኩል ሲገባ ግን ይህን የመጀመሪያ ጉዞ ያልፈዋል። ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ክኒን በሚሰጥበት ሁኔታ በቀን 50 ማይክሮግራም የሚለቅ ፕላስተር የሚበቃው በዚህ ምክንያት ነው። በተለመደው መጠን በቆዳ የሚሰጠው ኤስትሮጅን የደም መርጋትን አደጋ እንደ ክኒኑ ከፍ እንደማያደርግ በሴቶች ላይ የተደረጉ የክትትል ጥናቶች ያመለክታሉ።

የመጀመሪያው የኤስትሮጅን ፕላስተር በአሜሪካ የተፈቀደው በ1986 ሲሆን፣ የተሠራበት ጥበብ መጀመሪያውን ሆርሞናዊ ሉፕ ካቀረበው ከአልዛ የመጣ ነው። በሁለቱም ዘንድ ጎተራ አለ፤ ፍጥነትን የሚወስን ገለፈትም አለ። አንዱ በማኅፀን ውስጥ፣ ሌላው በቆዳ ላይ ሆነው አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ።

ስለ ፍርሃትና ስለ መጠን

በሐምሌ 2002 በአሜሪካ 16,608 ሴቶች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ከታሰበው ጊዜ በፊት ሲቆም፣ ዓለም የሆርሞን ሕክምናን ፈራ። በጥናቱ ኤስትሮጅንና ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን የተባለውን በክኒን በአንድነት በወሰዱት ላይ፣ ከ10,000 ሴቶች በዓመት 8 ተጨማሪ የጡት ካንሰር ታየ። በማግሥቱ ብዙ ሴቶች መድኃኒቱን ጣሉ። ነገር ግን የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ዓመት ነበር። ማኅፀናቸው የወጣና ኤስትሮጅን ብቻ የወሰዱት ክፍል በ2004 በስትሮክ ምክንያት ሲቆም የጡት ካንሰር ጭማሪ አልታየበትም። በኋላ በተደረገው ምርመራ፣ ከ60 ዓመት በታች ለሆኑ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው ጤነኛ ሴቶች ጥቅሙ ከጉዳቱ በአብዛኛው እንደሚያመዝን የሙያ ማኅበራት ተቀበሉ።

ይህን ስል ሉፑ ከጉዳት ፈጽሞ ነጻ ነው ማለቴ አይደለም። በዴንማርክ ተካሂዶ በ2024 የታተመ ጥናት ሆርሞናዊ ሉፕ እስከ 5 ዓመት በተጠቀሙት ላይ ከ10,000 ሴቶች 14 ያህል ተጨማሪ የጡት ካንሰር አሳይቷል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ግን ዜሮ አይደለም። የጡት ካንሰር የያዛት ወይም ይዟት የነበረች ሴት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈስሳት ሴት፣ የደም መርጋት ወይም ስትሮክ የደረሰባት ሴት ከልዩ ሐኪም ጋር ሳትመክር ምንም መጀመር የለባትም። ለሌሎቹ ግን ፍርሃትንም ቸልታንም በቁጥር መመዘን ይሻላል። አደጋን በቁጥር መመዘን የሙያችን ልማድ ነውና።

ምን እናድርግ?

እያንዳንዱ ሞተር በጎኑ ላይ የስም ሰሌዳ አለው፤ ኃይሉ፣ ቮልቱና የተሠራበት ዓመት ይጻፍበታል። ሉፕ ግን ከገባ በኋላ ሰሌዳው አይታይም። ስለዚህ ሴቲቱ ራሷ አራት መስመር በካርድ ላይ እንድትይዝ እመክራለሁ፦ የሉፑ ዓይነት፣ መዳብ ወይስ ሆርሞን፤ ሆርሞን ከሆነ ስንት ሚሊግራም፤ የገባበት ቀን፤ አሁን የሚሠራው ሥራና ለዚያ ሥራ የሚለወጥበት ቀን። ኤስትሮጅን በተጨመረ ዕለት አራተኛው መስመር እንደገና ይጻፋል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ብዕር ብቻ ነው።

ሌላው ድርሻ የእኛ የአለቆችና የባልደረቦች ነው። ልምዳቸው በበሰለበት፣ ፕሮጀክት በሚመሩበት ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች እንቅልፍ አጥተው ያደሩበትን ጠዋት በዝምታ ያሳልፋሉ። በስብሰባ ላይ መስኮት ስትከፍት ፈገግ ማለት፣ ፊቷ ሲቀላ መቀለድ ለአዋቂ ሰው የማይገባ ነገር ነው። ግንባታ ላይ ስንወጣ ጥላ ያለው ማረፊያ፣ የሚጠጣ ውኃና በሩ የሚቆለፍ መጸዳጃ በዕቅዱ ውስጥ ይግቡ፤ ቢሮ ስናቅድም አየር የሚገባበት መስኮት ይኑር። እነዚህ በበጀት ላይ የሚከብዱ አይደሉም፤ በሥዕሉ ላይ ካልገቡ ግን በሕንጻው ላይ አይገኙም።

ክቡራትና ክቡራን፤ እያንዳንዷ ሴት ሉፕ ማስገባት ወይም ኤስትሮጅን መውሰድ አለባት አላልሁም፤ ውሳኔው የእርሷና የሐኪሟ ነው። ያልሁት፣ ሁለቱ አብረው በሚውሉበት ጊዜ የእያንዳንዱ ሥራ ተለይቶ ይታወቅ፣ የሉፑም ዘመን ሽፋኑን በሚጠብቅበት ሥራ ይቆጠር ነው። ዛሬ ማታ ወደየቤታችን ስንመለስ፣ ነገሩ የሚመለከታት ካለች «የገባልሽ የትኛው ነው? መቼስ ነው የገባው?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ትልቅ ነገር ነው።